«ሠርቷል» የሚለው ቁልፍ፦ የነጥብ ቦት የሥራ ማስታወሻ ከባሕር ዳር

ጥቅምት፣ የመጀመሪያው ሳምንት

የባሕር ዳር ስልክ ጠጋኞች የቴሌግራም ግሩፕ አለን። ጊዮርጊስ አካባቢ ካሉት ሱቆች ጀምሮ እስከ አባይ ማዶና ፔዳ ድረስ ያሉ ልጆች አሉበት። ከወረታ፣ ከዘጌና ከጎርጎራም ገብተው የሚጠይቁ አሉ። አንዱ «ቻርጅ አይወስድም፣ ፖርቱን ቀየርኩት፣ አሁንም እንቢ አለ» ብሎ ፎቶ ይለጥፋል። ሌላው «አምስት ቮልቱ ቦርዱ ላይ ይደርሳል ወይ? መጀመሪያ ለካው» ይለዋል። እንዲህ እየተባባልን ስንት ስልክ ከመጣል ተርፏል።

ግን የሚመልሱት ሁልጊዜ እነዚያው ጥቂት ሰዎች ናቸው። ሌላው አንብቦ ዝም ይላል። ስልኩ የተሠራለት ሰው እንኳ ተመልሶ «ሠራልኝ» አይልም። ባለፈው ሳምንት የተመለሰው ጥያቄ ዛሬ እንደ አዲስ ይመጣል። የሚመልሱት ሰዎች እየሰለቻቸው ነው፤ ይህ ያሳስበኛል። እነሱ ከሄዱ ግሩፑ የዕቃ ማስታወቂያ መለጠፊያ ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ ለአባላቱ ተሳትፎ ነጥብ የሚይዝ ቦት፣ ማለትም ግሩፑ ውስጥ በራሱ የሚሠራ ፕሮግራም፣ እየሠራን ነው። እኔ ቀን ቀን እጠግናለሁ፤ ፓይተን የሚባለውን የኮድ ቋንቋ የተማርኩት ማታ ማታ ነው። አብሮኝ የሚሠራው ጓደኛዬ ፖሊ (የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ግቢ) ተምሮ የወጣ ልጅ ነው፤ ዳታቤዙ የእሱ ድርሻ ነው። የምናደርገውን እዚህ እየጻፍኩ እሄዳለሁ። ሌላ ከተማ ያለ ግሩፕ ተመሳሳይ ነገር መሥራት ቢፈልግ መነሻ ይሆነዋል።

ጥቅምት፣ ሁለተኛው ሳምንት

ቦቱን ቦትፋዘር በሚባለው የቴሌግራም ቦት መክፈቻ ላይ ከፈትነው። ይህ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል።

የምንፈልገው ሰው መልስ ላይ አውራ ጣት ሲያደርግ ቦቱ እንዲያይ ነው። ቴሌግራም ሪአክሽን (እንዲህ መልእክት ላይ የሚደረግ ምልክት) ያመጣው እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ነው። ቦቶች ሪአክሽኑን ማየት የቻሉት ግን እ.ኤ.አ. ከ2023 መጨረሻ ወዲህ ነው። እሱም ቢሆን ሁለት ነገር ካልተሟላ አይመጣም። አንደኛ፣ ቦቱ የግሩፑ አድሚን መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ ኮዱ ላይ «ሪአክሽንም ላክልኝ» ብላችሁ በግልጽ መጠየቅ አለባችሁ። ዝም ካላችሁ ቴሌግራምም ዝም ይላል።

ሌላም አለ። ሪአክሽኑ ሲደርስ ማን እንዳደረገውና የትኛው ቁጥር መልእክት ላይ እንዳረፈ ይነግራችኋል። መልእክቱን የጻፈው ማን እንደሆነ ግን አይነግራችሁም። ስለዚህ ግሩፑ ውስጥ የሚገባውን መልእክት ሁሉ ራሳችን እንመዘግባለን፦ ቁጥሩን፣ የላከውን ሰው፣ ለየትኛው ጥያቄ የተሰጠ መልስ እንደሆነ። ጽሑፉን አናስቀምጥም። አባላቱንም ይህንኑ ነግረናቸዋል። ቦቱ ከመግባቱ በፊት የተሰጠ መልስ ነጥብ አያገኝም፤ ባለቤቱ መዝገባችን ላይ የለማ።

የመብራቱን ጉዳይ ደግሞ እንዲህ ፈታነው። ስክሪኑ የተሰነጠቀ ግን ባትሪው ደህና የሆነ አሮጌ ስልክ ላይ ተርመክስ የሚባለውን የኮድ ማስኬጃ መተግበሪያ ጫንን፤ ቦቱ የሚሠራው እዚያ ላይ ነው። መብራት ሲሄድ በባትሪው ይቀጥላል። ኔትወርክ ሲጠፋም ቴሌግራም ያልደረሰንን ነገር እስከ 24 ሰዓት ይዞ ይጠብቀናል፤ ስንመለስ በተራው ይልክልናል። ከ24 ሰዓት ካለፈ ግን ይጠፋል። ለእኛ ከተማ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሰርቨር ሳንከራይ የጀመርነውም ለዚህ ነው።

ጥቅምት መጨረሻ

ነጥቡን ለማንም ሳናሳይ ዝም ብለን እየቆጠርን ነው። ሐሳቡ መጀመሪያ ግሩፑን እንዳለ ማየት ነው። በዚህ መሀል አንድ ጥያቄ መጣ፤ ስለሱ ሰፋ አድርጌ መጻፍ እፈልጋለሁ።

በዚህ ወቅት ውሃ የገባበት ስልክ ይበዛል። ዓሣ አስጋሪው አለ፣ ጀልባ የሚነዳው አለ፣ እምቦጭ ለመንቀል እስከ ወገቡ ጣና ውስጥ የሚገባው አለ። አንድ የዘጌ ልጅ ከጀልባ ሲወርድ ስልኩ ከኪሱ ወደቀ። ወዲያው አወጣው። «ይበራል፣ ግን ስፒከሩ አይሰማም፣ ምን ላድርግ?» ብሎ ጻፈ።

የመጀመሪያው መልስ በደቂቃ ውስጥ መጣ፦ «ሩዝ ውስጥ ቅበረው፣ ነገ ታወጣዋለህ።» አውራ ጣቱ ዘነበ። የፎገራ ሩዝ ለዚህ እንደሚሻል የጻፈም ነበር፤ እሱም ብዙ አውራ ጣት አገኘ።

ሁለተኛውን መልስ የሰጠችው አባይ ማዶ ሱቅ ያላት እህታችን ናት። ረጅም ነበር። አሁኑኑ አጥፋው አለችው። ቻርጀር እንዳታስጠጋው። ስልኩን ክፈተውና የባትሪውን ሶኬት ንቀል፤ አለዚያ ወደ ሱቅ አምጣው። ቦርዱ በአይሶፕሮፒል አልኮል ይታጠባል፣ በለስላሳ ብሩሽ ይቦረሻል። ቺፖቹን የሸፈነው ቆርቆሮ ሥር ውሃ ስለሚደበቅ፣ የሚነሳ ከሆነ ይነሳል። ቲነር አትጠቀም፤ ፕላስቲኩንና ጎማውን ይበላዋል። ይህ መልስ ያገኘው አውራ ጣት በጣት የሚቆጠር ነው።

ትክክለኛዋ እሷ ናት። ስልክን የሚገድለው ውሃው ብቻ አይደለም። ውሃው ውስጥ ያለው ማዕድንና ከባትሪው የሚመጣው ኤሌክትሪክ ተጋግዘው ብረቱን ይበሉታል። ኤሌክትሪኩ ካልተቋረጠ መበላቱ ይቀጥላል። ሩዝ ደግሞ ቆርቆሮ ሥር የገባ ውሃ አይመጥም። አፕል ራሱ እ.ኤ.አ. በ2024 ለደንበኞቹ ባወጣው መመሪያ፣ የሩዙ ብናኝ ስልኩን ሊጎዳ ስለሚችል ሩዝ ውስጥ አትክተቱ ብሏል።

ያ ስልክ በኋላ እኔ ጠረጴዛ ላይ መጣ። ሩዝ ውስጥ ከርሞ ነው የመጣው። ፖርቱ ውስጥ ነጭ ዱቄት ተጋግሯል። ከፍቼ በማይክሮስኮፕ ሳየው የፖርቱ እግሮች ሥር አረንጓዴ ዝገት ተንሰራፍቷል፤ ሁለቱ እግሮች ተበልተው ቀጥነዋል። የስፒከሩ መስመር ጨርሶ ተቆርጧል። የመጀመሪያው ቀን ቢታጠብ ኖሮ የአልኮልና የብሩሽ ሥራ ብቻ ነበር።

ቦቱ የቆጠረውን አየሁት። ሩዙ ከላይ ነው፣ እህታችን ከታች። ነጥቡን ያን ቀን ይፋ ብናደርገው ኖሮ የግሩፑ «ምርጥ መልስ» ተብሎ የሚለጠፈው ሩዙ ነበር። አውራ ጣት የሚያደርገው ሰው መልሱን አልሞከረውም። የሚያውቀውን ነገር ሲያነብ ደስ ብሎት ነው የነካው። አጭር ነው፣ የታወቀ ነው፣ ወጪም የለውም። ይህን ለመለወጥ ነጥብ ብቻውን አይበቃም። ዋናው ጥያቄ ነጥቡ ከየት ይምጣ የሚለው ነው።

ኅዳር መግቢያ

አባላቱን በፖል (በቴሌግራም ድምፅ መስጫ) ጠየቅናቸው። አብዛኛው ሰው «ድምፅ ለሚሰጥም ነጥብ ይሰጠው» አለ። ምክንያታቸው ተራ አይደለም። «ማንበብም ሥራ ነው፤ መልስ መለየትም ሥራ ነው፤ ለምን ለሚጽፈው ብቻ?» ይላሉ። ይህን ሐሳብ አከብራለሁ።

የቀደሙት ምን እንዳደረጉ አነበብን። ስላሽዶት እ.ኤ.አ. በ1997 የተጀመረ የቴክኖሎጂ ወሬ መድረክ ነው። ለተመረጡ አባላት 5 የድምፅ ነጥብ ይሰጥ ነበር፤ በ3 ቀን ካልተጠቀሙበት ይቃጠላል። ስታክ ኦቨርፍሎው እ.ኤ.አ. በ2008 የተከፈተ የፕሮግራመሮች የጥያቄና መልስ ቦታ ነው። እዚያ ድምፅ ለመስጠት መጀመሪያ 15 ነጥብ ማግኘት አለብህ። ተቃውሞ ለመስጠት 125 ያስፈልጋል። የሰው መልስ ላይ ተቃውሞ ስታደርግ ደግሞ ከራስህ 1 ነጥብ ይቀነሳል። ሁለቱም ጋ ድምፅ መስጠት ደመወዝ የሚከፈልበት ነገር አይደለም። ሰው አምኖ የሚሰጥህ ኃላፊነት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 የተጀመረው ስቲሚት የተባለ የጽሑፍ መድረክ ግን ሌላ መንገድ ሄደ። ለሚጽፈውም ድምፅ ለሚሰጠውም በዲጂታል ገንዘብ ይከፍል ነበር። ብዙም ሳይቆይ ሳያነቡ ድምፅ የሚሰጡ ቦቶች በዙ፤ ድምፅ ራሱ የሚሸጥና የሚገዛ ዕቃ ሆነ።

ቢሆንም የአባላቱን ምርጫ ወደ ጎን መተው አልፈለግንም። እንዲህ ብለን ለጠፍን፦ እስከ ኅዳር ሚካኤል ድረስ ለእያንዳንዱ አውራ ጣት ድምፅ ሰጪው 1 ነጥብ ያገኛል። ከዚያ በኋላ ያየነውን ለሁላችሁም እናሳያለን፤ አብረን እንወስናለን።

ኅዳር 12፣ ሚካኤል

ሱቅ ዝግ ነው። ማታ ሙከራውን ዘጋን።

ኅዳር 13

ግሩፑ ላይ ያሳየነው ይህንን ነው።

ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንድ ትልቅ ሰው አሉ። ራዲዮ በመጠገን የጀመሩ ናቸው። መጻፍ አይወዱም፤ መልሳቸውን በድምፅ ነው የሚልኩት። በሙከራው ሰሞን ስለ ሾርት (መገናኘት የሌለባቸው መስመሮች ሲገናኙ) አፈላለግ ከአራት ደቂቃ በላይ የሆነ ድምፅ ላኩ። የመጀመሪያው አውራ ጣት ያረፈበት ድምፁ በተላከ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ነው። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። ቴሌግራም ሰዓቱን ስለሚልክ ነገሩ ግልጽ ነው። ሳይሰሙት ነው የነኩት።

ማታ ማታ ደግሞ ከላይ ወደ ታች እየወረደ ሁሉንም መልእክት የሚነካ ሰው መጣ። «እሺ»ም፣ «አመሰግናለሁ»ም፣ የስክሪን ማስታወቂያም አውራ ጣት አገኘ። ጥሩውና መጥፎው መልስ በቁጥር ተቀራረበ። አውራ ጣቱ በዛ፣ የሚነግረን ነገር ግን ጠፋ።

ማንንም በስም አላነሳንም። ጥፋቱም የሰዎቹ አይደለም። ለመንካት ነጥብ እንሰጣለን አልን፣ ነኩ። አብዛኛው ሰው ተቀበለው፤ የተቆጡም ነበሩ። ለድምፅ ነጥብ መስጠቱ ቀርቷል።

ኅዳር፣ ሦስተኛው ሳምንት

ጋሼ ሱቃቸው ጠሩኝ። ግሩፑ ላይ የተጻፈውን ልጃቸው አንብቦላቸዋል።

«ልጄ፣ ወንፈል ላይ ቀን ይቆጠራል» አሉኝ። «አንተ የኔን ማሳ ያረስክበትን ቀን እኔ እመልሳለሁ። ደቦ ላይ ግን ማን ስንት ነዶ አጨደ ተብሎ አይቆጠርም። ከተቆጠረ የሚቀር ሰው አለ። የናንተ ነገር የቱ ነው?»

«ሁለቱም ነው መሰለኝ ጋሼ» አልኳቸው። «እርስዎ ያን ሁሉ ሲያስረዱ ደቦ ነው። የጠየቀው ሰው ግን ውጤቱን ተመልሶ የመናገር ዕዳ አለበት።»

«እንግዲያው ዕዳውን ቁጠሩ» አሉ።

ማታውኑ ለጓደኛዬ ነገርኩት። የቀረውን ንድፍ የሠራነው በዚህ ላይ ነው።

ኅዳር መጨረሻ

አሁን ያለው አሠራር እንዲህ ነው። ጠያቂው «#ጥያቄ» ብሎ ይጽፋል። ሰዎች ይመልሳሉ። ጠያቂው የሚሞክረውን መልስ መርጦ «ልሞክር» ይላል። በማግስቱ ቦቱ ግሩፑ ላይ ጠያቂውን ጠርቶ «ስልኩ እንዴት ሆነ?» ይለዋል። ሥሩ ሦስት ቁልፍ አለ፦ «ሠርቷል»፣ «አልሠራም»፣ «ገና ነው»። ከጠያቂው በቀር ማንም ቢነካው ቦቱ አይቀበልም። በግል ብንጠይቀው ጥሩ ነበር፤ ግን ሰውየው ቀድሞ ቦቱን ካላናገረው ቦቱ በግል ሊጽፍለት አይችልም፤ ቴሌግራም ከልክሏል።

ነጥቡ ደግሞ እንዲህ ነው። «ሠርቷል» ከተባለ መላሹ 10 ያገኛል። ጠያቂው ተመልሶ ስለነገረን 2 ያገኛል። «አልሠራም» ካለም ጠያቂው ያው 2 ነው። ይህ እኩልነት ላይ ከጓደኛዬ ጋር ብዙ ተከራከርን። ስታክ ኦቨርፍሎው ላይ መልስ የተቀበለ ጠያቂ 2፣ መልሱ የተመረጠለት ሰው 15 ያገኛል፤ «ይህ አልሠራልኝም» ለሚል ሰው ግን የተመደበ ነገር የለም። እኛ ጋ «ሠርቷል» ብቻ ነጥብ ቢኖረው፣ ስልኩ ያልተሠራለት ሰው ወይ ዝም ይላል ወይ ለነጥቡ ሲል «ሠርቷል» ይላል። እውነቱን የሚናገረው ሁለቱም መልስ እኩል ሲያስገኝለት ነው።

ያልሠራ መልስ የሰጠው ሰውስ? መጀመሪያ 0 ነበር ያልነው። እህታችን ተቃወመች፣ ልክም ናት። ጥገና ላይ ምን እንዳልሆነ ማወቅ የሥራው ግማሽ ነው። ባትሪው ደህና ነው፣ ፖርቱ ደህና ነው ስትል ነው ቻርጅ አይሲው (ቻርጁን የሚቆጣጠረው ቺፕ) ላይ የምትደርሰው። ደግሞም 0 ከሆነ ከባድ ጥያቄ የሚነካ ሰው ይጠፋል፤ ሁሉም ቀላሉን ይሻማል። ስለዚህ ጠያቂው ሞክሮት የለካውን ቁጥር ከጻፈ፣ ያልሠራ መልስም ለመላሹ 3 ያስገኛል።

አውራ ጣት አልቀረም። ለጸሐፊው 1 ነጥብ ይሰጣል፣ ግን አንድ መልስ ከ5 በላይ አያገኝበትም። ለሚሰጠው ሰው ምንም የለውም። ሩዙ ቢበዛ ቢበዛ 5 ላይ ይቆማል።

ታኅሣሥ፣ የመጀመሪያዎቹ ቀናት

ሰዎች ቁልፉን መንካት ጀመሩ። ከገመትኩት በላይ ነው። ነጥቡ ይሁን ስም ተጠርቶ መጠየቁ እርግጠኛ አይደለሁም፤ ሳስበው ግን መጠየቁ ይበልጣል። «ስልኩ እንዴት ሆነ?» ሲባል ዝም ማለት ይከብዳል።

«አልሠራም»ም በደንብ እየመጣ ነው። አንዱ «ፖርቱ ጋ 5.1 አለ፣ ባትሪው ጋ ምንም የለም» ብሎ ለክቶ ጻፈ። ይህን ያየ ሌላ ልጅ ወዲያው መስመሩ የት ጋ እንደተቋረጠ አሳየው። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ድሮ ቢሆን ያ ጥያቄ «አይሠራም» ተብሎ እዚያው ይቀር ነበር።

ታኅሣሥ፣ ትንሽ ቆይቶ

የጋሼ ድምፆች ነገር። ትልቁ ሀብታችን እነሱ ውስጥ ነው ያለው፤ ግን ተፈልጎ አይገኝም። አራት ደቂቃ ውስጥ የሚፈለገው ነገር የት ጋ እንዳለ ማን ያውቃል? ቦቱም ድምፅ አያነብም።

ስለዚህ አዲስ የተሳትፎ ነጥብ ጨመርን። የሰውን ድምፅ ሰምቶ በጽሑፍ አሳጥሮ የሚያስቀምጥ ሰው 5 ያገኛል። ነጥቡ የሚጸድቀው ግን ድምፁን የላከው ሰው ጽሑፉን አይቶ ወይም አስነብቦ «ልክ ነው» ሲል ነው። ጋሼን ፈቃድ ጠየቅናቸው። «እኔ ነጥብ ምን ያደርግልኛል፤ ልጆቹ ይጻፉት፣ እየጻፉ ይማሩ» አሉ።

ሥራው ላይ የተረባረቡት ገና ለማጅ የሆኑ ልጆች ናቸው። ጥያቄ ለመመለስ ያፍሩ ነበር፤ አሁን መግቢያ በር አገኙ። የሾርቱን ድምፅ አንዷ ተለማማጅ እንዲህ ጻፈችው፦ ቦርዱ ላይ የሮዚን (የብየዳ ሙጫ) ጭስ አልብስ፤ ነጭ ይሆናል። ከዚያ አነስተኛ ቮልት ስጠው። የሚሞቀው እቃ ላይ ያለው ሮዚን ቀልጦ ግልጽ ይሆናል፤ ሾርቱ እዚያ ነው። አራት ደቂቃው በአምስት መስመር አለቀ፣ የቀረ ነገር የለም። ጋሼ ልጃቸው አንብቦላቸው «ልክ ነው» ብለው ነኩ።

ለእኔ ከዚህ ሁሉ ሥራ የሚበልጥብኝ ይህ ነው። ነጥብ ሊሰጠው የሚገባ ተሳትፎ ካለ፣ እንዲህ ያለው ነው።

ጽሑፎቹን በደረጃ ስናስቀምጥ አንድ ሒሳብ አስፈለገን። አንዱ ዘዴ 1 ጊዜ ተሞክሮ 1 ጊዜ ሠራ፤ በመቶኛ 100 ነው። ሌላው 20 ጊዜ ተሞክሮ 18 ጊዜ ሠራ፤ 90 ነው። በመቶኛ ብቻ ብንሄድ የመጀመሪያው ይቀድማል፤ ይህ ልክ አይደለም። ኤድዊን ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ1927 ያወጣው ቀመር ይህን ይፈታል። ማስረጃው ሲያንስ ግምቱን ዝቅ ያደርገዋል። በሱ ሲሰላ የመጀመሪያው 0.21 አካባቢ፣ ሁለተኛው 0.70 አካባቢ ይሆናል። ሬዲት የተባለው የውይይት ድረ ገጽም አስተያየቶችን «ምርጥ» ብሎ ለመደርደር እ.ኤ.አ. በ2009 ይህንኑ ተጠቅሟል። ኮዱ ጥቂት መስመር ነው።

ከገና በፊት

መለዋወጫ የሚሸጥ አንድ አባላችን መልካም ሐሳብ ይዞ መጣ። በየወሩ አንደኛ ለሚወጣው የሞባይል ካርድ እሰጣለሁ አለ። ከልቡ ነው፤ ግሩፑን ይወዳል። ሰዉም ደስ አለው።

እኔ ግን ፈራሁ። እ.ኤ.አ. በ1973 ሌፐር፣ ግሪንና ኒስቤት የተባሉ ተመራማሪዎች በስታንፎርድ መዋዕለ ሕፃናት ያደረጉት ሙከራ አለ። መሳል የሚወዱ ሕፃናትን ወሰዱ። ለአንዳንዶቹ «ብትስሉ ሽልማት አለ» አሏቸው። ለሌሎቹ ምንም ሳይነገራቸው ከሳሉ በኋላ ድንገት ሰጧቸው። የቀሩት ምንም አላገኙም። ከጊዜ በኋላ ሲታዩ፣ ሽልማት ተነግሯቸው የሳሉት ልጆች በነፃ ጊዜያቸው መሳል ቀንሰዋል። ድንገት የተሰጣቸው አልቀነሱም። የሚወዱት ነገር ክፍያ ያለው ሥራ ሲሆን ፍቅሩ ቀዘቀዘ።

እህታችን ማታ ሱቅ ዘግታ ያን ሁሉ የምትጽፈው ለካርድ አይደለም። ለካርድ ነው ከተባለ በኋላ ካርዱን ያላገኘች ቀን ምን ይሰማታል?

ሰውየውን ቡና ጋብዤ ይህንኑ አስረዳሁት። «ለአንድ ሰው ከሚሆን ለሁላችንም ይሁንልን፤ አልኮሉ ላይ ትንሽ ዋጋ ቀንስልን» አልኩት። ትንሽ አሰበና እሺ አለ። አሁን የግሩፑ አባል ሁሉ አይሶፕሮፒል በቅናሽ ይገዛል። ቲነር የሚጠቀመው ሰው እንዲቀንስም ይረዳል።

ጥር መጀመሪያ

ሁለት ጓደኛሞች ተራ በተራ እየጠየቁ፣ እየመለሱ፣ «ሠርቷል» እየተባባሉ ነጥብ አከማቹ። የሚጠበቅ ነበር። እንግሊዛዊው የኢኮኖሚ ባለሙያ ቻርልስ ጉድሃርት እ.ኤ.አ. በ1975 ያነሳው ነገር ነው፦ አንድን መለኪያ ሰውን ለመምራት ስትጠቀምበት፣ መለኪያው የሚያሳይህ ነገር ይዛባል። እኛ ያደረግነው ቀላል ነው። ከአንድ ሰው ለአንድ መላሽ የሚመጣ «ሠርቷል» በወር ውስጥ መጀመሪያ ሙሉ 10 ነው፤ ሁለተኛው ግማሽ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው 0 ነው። በአንድ ሱቅ የሚሠሩ ሰዎች በእውነት ቢረዳዱም መልሱ ይመዘገባል፤ የሚቀርባቸው ነጥቡ ብቻ ነው።

ቁጥሩንም ከሕዝብ ዓይን አነሳነው። ስላሽዶት ከጊዜ በኋላ ካርማውን (የአባላቱን ነጥብ) በቁጥር ማሳየት ትቶ በቃል አድርጎታል፤ ከዚያ ተማርን። አሁን ስም ጎን «አዲስ»፣ «ረዳት»፣ «ጠጋኝ» ወይም «ዋና» ተብሎ ይታያል። ቁጥሩን ባለቤቱ ብቻ ያያል። 340 ያለው 338 ያለውን ለመቅደም መጣደፉ ቀረ። «ጠጋኝ» የሆነ ሰው የተደገመ ጥያቄን ከድሮው መልስ ጋር አገናኝቶ መዝጋት ይችላል። «ዋና» የሆነ ሰው ጽሑፍን ፒን ማድረግ (ግሩፑ አናት ላይ መስቀል) ይችላል። ነጥብ የሚገዛው ሥራ ነው፤ ሌላ ምንም አይገዛም።

ጥር 13

ጥምቀት ካለፈ በኋላ እንደሚጠበቀው ሆነ። ጠበሉ ሲረጭ ስንት ስልክ ረጥቧል! ጠዋት ሱቁ ተጨናነቀ፣ ግሩፑም እንደዚያው። ከጠዋት ጀምሮ ፒን ተደርጎ የነበረው የእህታችን ጽሑፍ ነው፦ አጥፋ፣ ቻርጀር አታስጠጋ፣ ክፈት፣ እጠብ። ጠያቂ ሲጽፍ ያዩ አባላት፣ ሌላ ሰው «ሩዝ» ከማለቱ በፊት ጠያቂውን ወደ ጽሑፉ ይልኩታል። ውጤት የመለሱት ብዙዎች ናቸው። «አልሠራም» ያሉም አሉ፤ ከነሱ አብዛኞቹ ከመታጠቡ በፊት ቻርጀር ላይ የሰኩት ናቸው። ይህንንም ጽሑፉ ላይ ጨመርነው።

ጥር መጨረሻ

ያልተፈታ አንድ ነገር አለ። ጠያቂው መልሱን በደንብ ሳይሞክር «አልሠራም» ቢልስ? አንድ ልጅ አይሲውን ሳያሞቅ ለማንሳት ሞክሮ ፓዱን (አይሲው የተበየደበትን የቦርዱን ብረት) ነቀለው፣ ከዚያ «አልሠራም» አለ። መላሹ ቅር አለው፤ እውነትም አለው። ጓደኛዬ አድሚኖች ይወስኑ ይላል። እኔ አልተስማማሁም፤ አድሚን ዳኛ ከሆነ ሁሉም ክርክር ወደ አድሚን ይመጣል።

ለጊዜው የተስማማነው እንዲህ ነው። «አልሠራም» ላይ ቅሬታ ካለ፣ ከሁለቱም ጋር ያልተመላለሰ አንድ «ጠጋኝ» ፎቶውን አይቶ ይናገራል። እሱም ለዚህ ነጥብ አያገኝም። የጎንደር ልጆች ቦቱን ለራሳቸው ግሩፕ ጠይቀውናል፤ ይህን ክፍል ሞክረን ሳንጨርስ አንሰጣቸውም። ሌላው ሁሉ ዝግጁ ነው፣ ቅዳሜ የሌላውን ክፍል ኮድ ብቻ እንልክላቸዋለን።